የወገቤ ስለት

ተንፍስ ትለኛለች ኡተ፣ ወደ ውጭ፣ በአፍህ፣ የጎድን አጥንቶችህ ወደ መሀል ሲሰበሰቡ ይሰማህ፣ እኔም አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እምብርቴን ወደ አከርካሪዬ ስቤ እተነፍሳለሁ፣ ትንፋሹ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምብኛል። ኡተ እዚህ የለችም። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ፒላተስ የሚሉት የስፖርት ትምህርቷ ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የሰው ዕቃ ስለይ አድሬ ገባሁ፣ እዚህ ጀርመን አገር የካሰል ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ እኔ ወደ እንቅልፍ የምገባ ሰው ነኝ፣ እንቅልፉ ግን ዛሬ አልመጣም አለ፣ ምክንያቱም እናቴ አሁን፣ እዚህ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ፣ ሊማሊሞን በእግሯ እየወረደች ነው። በእኔ ምክንያት። በወገቤ ምክንያት። ወገቤ ደግሞ ምንም አልሆነም።

ወደ ቀኝ እገላበጣለሁ፣ ስልኩን አነሳለሁ፣ የእህቴ ባል ላቀው ጋ እደውላለሁ፣ እሱ ነው ይዟት የሄደው፣ ያቺ የቴሌ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አልቻልንም ትለኛለች፣ ድምጿ እንዴት ያለ የተረጋጋ ድምፅ ነው፣ እናት የላትም እንዴ ይህቺ ሴትዮ። ገደሉ መሀል ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት በቅሎ እየነዳሁ የተመላለስኩበት መንገድ ነው፣ ቢሆንም እደውላለሁ። ከዚያ እህቴን አረጋሽን፣ ደባርቅ እቤት ናት፣ እሷ ቶሎ ታነሳለች። «ወጡ?» አልኳት። «ዶሮ ሳይጮኽ ወጡ» አለችኝ። «ዱላዋን ይዛ፣ ላቀውን አስከትላ። እማ፣ መኪና እኮ አለ፣ እስከ ጠበሉ ደጅ ያደርስሻል ብላት፣ በመኪና ነው እንዴ የተሳልኩት አለችኝ።» «አረጋሽ፣ ጉልበቷ...» «አንተ ደግሞ፣ ጉልበቷን ለእሷ ተውላት፣ ይልቅ የአንተን ወገብ ጠብቅ። ተኛ በቃ። የታመመ ሰው መተኛት አለበት።» እሺ አልኩ። እሺ ከማለት በቀር ምን ቀረኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጤና መድን በመጣ ደብዳቤ ነው። ይህ አገር ላልታመመ ሰው ይጨነቃል። ደባርቅ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሌላ ሰው ተሸክሞት ነው፣ እዚህ ግን ጤነኛ ነዎት፣ እንግዲያው ጤነኛ ሆነው እንዲቆዩ ከእነዚህ ትምህርቶች አንዱን ይምረጡ፣ ወጪው የእኛ ነው ይሉሃል። ተሳስተዋል ብዬ ደወልኩ። «እኔ አልታመምኩም» አልኳት ስልክ ያነሳችውን ሴትዮ። «በጣም ጥሩ» አለችኝ፣ «እርስዎን ነው የሚመለከተው።» ዋና ነበረበት፣ ዋና አልችልም። ሩጫ ነበረበት፣ እኔ ለመሮጥ የሚያባርረኝ ነገር ያስፈልገኛል። ከሁሉም በታች ፒላተስ የሚል አለ፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ አዳራሹ ግን ከቤቴ ማዶ፣ ከትራሙ ሐዲድ ወዲያ ነው፣ ለሥራ ስወጣ መብራቱ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል፣ መስታወቱ ያልበዋል፣ ውስጡ ሞቃት እንደሆነና ሰው እንዳለበት ከዚያ አውቃለሁ። የሄድኩት ለመስኮቱ ብዬ ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል።

በሩን ስከፍት ሴቶች ብቻ፣ ጡረታ የወጡ ሴቶች፣ በየምንጣፋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያ ያያሉ፣ በስማም አልኩ በልቤ፣ ጤነኛ ሰው በቀን በጀርባው ተንጋሎ አላየሁም፣ እንዲያ የሚያስተኙት ሊገንዙት ያሰቡትን ነው። ይቅርታ ተሳስቼ ነው ብዬ በሩን ልመልስ ስል አስተማሪዋ ኡተ ከስም ዝርዝሯ ቀና ብላ «ደርቤ?» አለችኝ። ደርቤ አለችኝ። መጋዘኑ ውስጥ ሄር ገዱ ነኝ፣ አቶ ገዱ ማለታቸው ነው፣ ባንክ ቤት ገዱ ነኝ፣ ሐኪም ቤት ገዱ፣ በሬ ላይ ያለው ደወል ገዱ፣ ገዱ ደግሞ አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ፣ እዚህ አገር ግን በየቀኑ ይጠሩታል፣ እኔም ስለ እሱ አቤት እላለሁ። ያመጣችኝ ሴት ደርቤ ትለኝ ነበር። ስሜን ተራራ፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ ለቱሪስት ምግብ ሳበስል፣ በቅሎ ስጭን ነው የተዋወቅነው፣ ተጋባን፣ መጣሁ፣ ጥቂት ዓመት ኖርን፣ ተለያየን፣ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ተራራ ላይ ያገኘችውን ሰው ሜዳ ላይ አጣችው እንጂ። ከእሷ ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሰው ኡተ ናት፣ ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ደግነቱ ካልሲዬ አልተቀደደም፣ ባዶ ምንጣፍ አሳየችኝና እንደ ሬሳ ተንጋለልኩ። ኡተ ከመጀመሯ በፊት በየሰዉ እየዞረች ትጠይቃለች፣ እኔም ዘንድ መጥታ ቁጢጥ አለች። «ደርቤ፣ እንዴት ተኛህ? ዛሬ የትህ ነው የሚከብድህ?» ሁሉም አልኳት፣ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

እኔ ስሜንን እንደ ቤቴ ደጅ የማውቅ ሰው፣ ከቡይት ራስ ጨነቅ ምሳ ሳልበላ የምደርስ፣ ቧሂትን የፈረንጅ ድንኳን ተሸክሜ እየዘፈንኩ የወጣሁ፣ መተንፈስ አታውቅም ተባልኩ። እግርህን አንሳ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እግሩን ሆድህ ይያዘው፣ ትንፋሽህን አትያዝ። ከጎኔ ያለችው ፍራው ሽሚት፣ ወይዘሮ ሽሚት እንደማለት ነው፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት፣ እግሯን አንስታ አየር ላይ ክብ ትሠራበታለች፣ የእኔ እግር አሁን እንደተወለደ ጥጃ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽ፣ ደርቤ! ምን ላድርግ፣ የእኛ አገር ሥራ ትንፋሽ ተይዞ ነው። ጭነት ስታነሳ ትንፋሽህን ትውጣለህ፣ ካወረድክ በኋላ እፎይ ትላለህ፣ በሥራ መሀል እፎይ የሚል ሰነፍ ነው። ዳማዋ በቅሎዬም እንዲያ ነበረች። የሆዷን ጠፍር ላጠብቅ ስጠጋ አየር ስባ ሆዷን ትነፋለች፣ ያላወቀ ሰው ጠፍሩ ጠበቀ ብሎ ይነዳታል፣ ትንሽ እንደሄደች ሆዷ ይመለስና ጭነቱ ይላላል፣ ዳገት ላይ ምንም አይል፣ ጉዱ የሚፈላው ቁልቁለት ላይ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን ይጠብቃታል፣ አንገቷን ያሻል፣ ያነጋግራታል፣ እሷ ስትተነፍስ ያኔ ጠፍሩን ይስባል። ኡተም ጠበቀችኝ። እጇን ጎድኔ ላይ አሳረፈች። ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ተነፈስኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

እንዲህ ሆኖ ወደድኩት። ሐሙስ እስኪደርስ እቆጥር ጀመር። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ኡተ ወደ ራሷ የማሠልጠኛ ክፍል የወሰደችን ቀን። እዚያ በሞላ የሚንሸራተት አልጋ አለ፣ ትተኛለህ፣ እግርህን ከላይ በተንጠለጠለ ጠፍር ውስጥ ትከታለህ፣ ትገፋለህ፣ ሞላው ይጎትትሃል፣ ትመልሳለህ፣ ሰውነትህ ቅቤ የጠጣ ይመስልሃል። ፍራው ሽሚት በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ፣ እየሳቀች ላከችልኝ፣ እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምናልባት ደስ ያለኝን ነገር የማሳየው ሰው ፈልጌ ይሆናል፣ ለአረጋሽ ላክሁት። ያን ጊዜ እነሱ ጋ ኢንተርኔቱ ነበረ፣ ወዲያው ተዘጋ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለን ድምፅ ብቻ ነው። ፎቶው ግን ገብቷል። አረጋሽ ለእናቴ አሳይታታለች፣ እናቴ ደግሞ ያየችው ልጇን በጀርባው አስተኝተው እግሩን በጠፍር አንጠልጥለው ነው። ከገደል የወደቀ ፈረንጅ በቃሬዛ አስረው ሲያወርዱ አይታለች፣ ወጌሻ የተሰበረ እግር ሲወጥር አይታለች፣ ሌላ ምን ትበል።

«አንት ልጅ» አለችኝ በስልክ፣ ድምጿ ቀጥኗል፣ «ምን ሆነህ ነው ያንጠለጠሉህ? ከምን ላይ ወደቅህ? እኔ ልሙትልህ፣ ንገረኝ።» ልነግራት ነበር። እምዬ ስፖርት ነው፣ ደስ ስለሚለኝ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ከኋላዋ ላቀው ሲስል ሰማሁት። ለካ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውታል። ላቀው የፓርኩ ስካውት ነው፣ ጠመንጃ አንግቶ ገደል ለገደል የሚውል ሰው፣ የላቀው ምላስ ደግሞ ደባርቅን ከዳባት ያዳርሳል። ከአሮጊቶች ጋር ተንጋልዬ እግሬን እሰቅላለሁ፣ በፈቃዴ ነው ብዬ ለላቀው? ጠላ ቤቱ ሁሉ እስከ ፋሲካ በእኔ ይስቅ ነበር። «ሐኪም አዞልኝ ነው» አልኩ። «ወገቤን ትንሽ ብጤ።» በቃ፣ ይህችው ናት። ከአፌ ስትወጣ ቀላል ነበረች።

«ወገቡን!» አለች እናቴ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለቤቱ፣ ለግድግዳው። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። አባቴ ገዱ በወገቡ ነው የሞተው፣ ጭነት ሲያነሳ ተቀጨ፣ መደብ ላይ ተኝቶ ክረምቱን ገፋ፣ መስከረምን ሳያይ ሄደ፣ ይህን እያወቅሁ፣ እዚያው ቤት አድጌ፣ ከአካሌ ሁሉ መርጬ ወገቤን አልኩ። ጥርሴን ብል ምን ነበረበት። ጆሮዬን ብል። እናቴ እዚያው እንደቆመች ትመስለኛለች፣ «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ የአባቱን እጣ አርቀሽ የልጄን ወገብ ብታቆሚልኝ፣ ለየካቲት በዓልሽ ሊማሊሞን በእግሬ ወርጄ ከጠበልሽ ደጅ እሰግዳለሁ» አለች። ኧረ እምዬ፣ ኧረ ተይ፣ ቀላል ነገር ነው አልኩ። «ዝም በል» አለችኝ፣ «ተናግሬያለሁ።» ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ የእኔ ቃል ከአፌ ወጥታ እናቴን አፋፍ ላይ አቆመቻት።

እናቴን ዓለምዬን ማወቅ አለብህ እላለሁ ለጣሪያው። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ከመደቡ አልተነሳችም ማለት ይቻላል፣ ጉልበቷ ያብጣል፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዓል ካልሆነ አትሄድም፣ ቁጭ ብላ እህል ትለቅማለች፣ በር በሩን ታያለች። ከተሳለች በኋላ ግን አረጋሽ በደወልኩ ቁጥር አዲስ ወሬ አላት። «እማ ዛሬ እስከ ገበያው ሄደች።» ሌላ ጊዜ፣ «እስከ ፓርኩ ቢሮ ደርሳ መጣች።» ከዚያ በቡይት ራስ መንገድ ሽቅብ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቱሪስት የጫኑ መኪኖች አቧራ እያለበሷት። የት ነው እትዬ ዓለምዬ ሲሏት ጉልበቴን እያሟሸሁ ነው ትላለች። ጎረቤቱ አበደች እንዴ አለ፣ ስቆ ስቆ ሲሰለቸው ተዋት፣ እሷ ግን አልሰለቻትም። ኡተ ሐሙስ ሐሙስ ለእኛ የምትለውን እናቴ ማንም ሳይነግራት ለራሷ አለችው፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ፣ ሳይታክቱ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ፈራሁ። ዳገት ሌላ ነው። ሊማሊሞ ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትን ነው የሚበላው።

ለመምሬ ቢራራ ደወልኩ፣ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው፣ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። «መምሬ፣ ንስሐ ልገባ ነው፣ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «አልታመምኩም።» «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መጀመሪያ። ቆየት ብለው፣ «ታዲያ የተንጠለጠልከው ምን ሆነህ ነው?» «ስፖርት ነው።» «ተኝቶ?» «አዎ ተኝቶ።» «ይሁን» አሉ፣ እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ስለቱን ይፍቱላት ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ስለት እንደ ጥጃ ከካስማ አይፈታም» አሉኝ እያዘገሙ፣ እሳቸው ሲናገሩ አንዱን ቃል አስቀምጠው ነው ሌላውን የሚያነሱ። «እርግጥ አቅሟን አይቶ በሌላ መለወጥ አለ። ስግደቱን እዚሁ ደብራችን ታድርስ ልላት እችላለሁ። ለምን ብትለኝስ? አንተን ወክዬ አልዋሽ፣ የነገርከኝ በንስሐ ነውና አንተን ገልጬ አልናገር። አፍም ስልክም አለህ። አንተው ንገራት፣ እኔ ያን ጊዜ እለውጥላታለሁ።»

እነግራታለሁ አልኩ። ባለፈው እሑድ ደወልኩ፣ ቆሜ ነው የደወልኩት፣ ቁጭ ብዬ የምችለው አልመሰለኝም። እምዬ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር አልኳት። «ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አለችኝ። «ምን ሆነ መሰለህ። ዛሬ ዱላዬን ረስቼ ወጣሁ። ረስቼው! መንገድ አጋምሼ ነው ትዝ ያለኝ።» ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ከሰማሁ፣ እኔ እንጃ፣ ከአባቴ ሞት በፊት ይመስለኛል። «ሌሊቱንም እተኛለሁ ልጄ፣ ራሴን ስጥለው አላውቀውም። አንተ ብቻ ዳን። አንተስ ምን ልትነግረኝ ነበር?» ብርድ ነው እዚህ አልኳት። እዚህ ብርድ ነው። ይህን ልነግራት ነው ቆሜ የደወልኩት፣ አየህ፣ በየካቲት ጀርመን አገር ብርድ እንደሆነ። ቅቤ ቅባ ወገብህን አለችኝ።

አሁን ተራራው ግማሽ ላይ ናት። ሰዓቱን እዚህና እዚያ አቀናንሼ አሰላለሁ፣ እዚያ እኩለ ቀን አልፏል፣ ፀሐዩ ገደሉን ሲመታው ድንጋዩ ያቃጥላል፣ ሁዳዴ ገብቷል፣ ከአፏ እህል አልገባም፣ ውኃም ቢሆን አትጠጣም አውቃታለሁ። ከመኪናው መንገድ ወርዶ የድሮው የበቅሎ መንገድ አለ፣ ላቀው በእሱ ነው የሚወስዳት፣ ያሳጥራል፣ ጠጠሩ ግን ከእግር ስር እንደ ሽንብራ ይንከባለላል። ዳማዋ እዚያ ነው የወደቀችው። ጠፍሯን ያጠበቅሁት እኔ ነበርኩ፣ ችኮላ ነበረኝ፣ ስትተነፍስ አልጠበቅኋትም፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ በታች ጭነቱ ወደ አንገቷ መጣ፣ ፊቷን አዙራ አየችኝ፣ ከዚያ የለችም። ተነሳሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ እናቴ አትጠጣም እኔ እጠጣለሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ። ተንፍስ። ጉልበትህን አጥፈህ፣ ጀርባህን ምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ አውርደው፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ እኔ ከፊቷ ነኝ፣ እጄን ወደ ኋላ ሰጥቻታለሁ፣ እምዬ በግራ በኩል፣ ሣሩን ሳይሆን ድንጋዩን ርገጪ፣ ፍራው ሽሚት ከኋላችን በካልሲዋ ትመጣለች፣ ኡተ ታች ቆማ ትንፋሽ ትላለች፣ ማናችንም አንተነፍስም፣ አባቴ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ ሄር ገዱ እያሉ ይጠሩታል፣ አይመልስም፣ ጠጠሩ ሲንከባለል ይሰማኛል፣ ስልኩ ነው። ስልኩ ነው! እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል፣ ስልኩ ከአልጋው ስር ወድቆ ይንቀጠቀጣል።

«ደርሰናል» አለኝ ላቀው፣ ያለከልካል። «ሰላም ናት? ወደቀች? ላቀው፣ እውነቱን ንገረኝ።» «ኧረ ምን ትወድቃለች! የተያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ አይታጠፍም። መንገድ ላይ ቁጭ እያለች ስትጠብቀኝ ነው የዋለች። እንካት።» ከኋላው ሰው ይንጫጫል፣ ለበዓሉ የመጣ ሰው ነው፣ የሆነች ሴት ጠበል ጠበል ትላለች። «ደረስኩ ልጄ» አለችኝ እናቴ። «ምን ላርግልህ፣ ወፍ ሆኜ ወረድኩ። ወገብህ እንዴት ነው?»

ደህና ነው፣ ተሽሎኛል ብል ያልቃል። ትሰግዳለች፣ በመኪና ትመለሳለች፣ ስለቱ ሰመረ ትላለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ይህን እያሰብኩ አፌ ሌላ ተናገረ። «እምዬ፣ ወገቤ ምንም አልሆነም። ታምሞም አያውቅ። ዋሸሁሽ።» «ያ ሐኪምስ?» አለችኝ። «ሐኪም የለም።» «የተንጠለጠልክበትስ?» «ሰውነት ማፍታቻ ነው። በፈቃዴ ነው የምሄደው። ላቀው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።»

«ላቀው፣ እስቲ ፈንጠር በል» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ነው መሰል ስትቀመጥ እህ አለች። አሁን ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እንድትረግመኝም ፈለግሁ። «ደህና ከሆንክ» አለችኝ እያሰበች፣ «ደህና ከሆንክ፣ ምን ልትሆን ነው የምትሄድ?»

ሆድን ያጠነክራል፣ ለአከርካሪ ጥሩ ነው፣ ኡተ የምትለውን ሁሉ ልነግራት ነበር። «በስሜ ይጠሩኛል» አልኳት። «ሴትዮዋ ደርቤ ትለኛለች። ደርቤ፣ እንዴት ተኛህ፣ የትህ ነው የሚከብድህ ትለኛለች። ሌላ የሚጠይቀኝ የለም፣ እምዬ። ሥራ ቦታ የሚጠሩት አባቴን ነው። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር የምቆይበት ጊዜ አለ። አንቺ ጋ ስደውል ድምፄን አሟሽቼ ነው የምደውለው።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት?» አለችኝ።

«ይኸን ሁሉ ዓመት።»

«አባትህን የገደለው ወገቡ ይመስልሃል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ። ወገቡማ እየተሻለው ነበር። ክረምቱ ሲከብድ፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ጠያቂው እየቀረ እየቀረ ሄደ። አንድ ቀን ሰው መጣ ወይ አለኝ፣ የለም አልኩት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያ ነው የገደለው። እና አንተ አሁን ያልከኝ በሽታ ያልሆነ በሽታ ምኑ ነው?»

ከንፈሬን ነክሼ አለቀስኩ።

«እኔ አላዋቂዋ ወገቡን ብዬ ተሳልኩ፣ የቱን እንደሆነ እሷ ኪዳነ ምሕረት ታውቀዋለች» አለች። «እንኳን ወረድኩ። ነገ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ የተናገርኩትን እሰግዳለሁ። አንተ ግን ስማኝ። ከእንግዲህ ሲከፋህ ከፋኝ በለኝ። ብርድ ነው አትበለኝ። የት እንዳመመህ ሳላውቅ በየት በኩል ልሳልልህ?»

«እሺ፣ እምዬ።»

«ነገ ሐሙስ አይደል? ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ሂድ። ያቺን ሴትዮ ደግሞ አንተም ጠይቃት። እንዴት ተኛሽ ብለሃት ታውቃለህ?»

ብያት አላውቅም። እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ብያት አላውቅም፣ ፍራው ሽሚትንም፣ ማንንም። መጋረጃው ስር ያለው ብርሃን ወደ ቢጫ እየሄደ ነው፣ ትራሙ ያልፋል፣ በስልኩ ውስጥ ካህናቱ ዜማ እየሞከሩ ነው መሰል ይሰማል። «ደርቤ» አለችኝ እናቴ። «አቤት» አልኩ። የምትለው ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅሁ፣ የለም። «ደርቤ» አለችኝ እንደገና፣ እኔም እንደገና አቤት አልኩ፣ የላቀው ስልክ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ስትጠራኝ ነበር።